ዱንሁዋንግ ወይስ ካሽጋር?

ሁለቱም በቻይና የሐር መንገድ (የጥንቱ የንግድ መስመር) ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ የታክላማካን በረሃ መሐላቸው ነው። ከዱንሁዋንግ አልፎ መንገዱ በሰሜንና በደቡብ ይከፈላል፣ ካሽጋር ላይ መልሶ ይገናኛል።

ለጉብኝት አንዱን ምረጥ ብባል ዱንሁዋንግ እላለሁ፤ በሞጋኦ ዋሻዎች (ከአለት የተፈለፈሉ የቡድሃ ቤተ መቅደሶች) ምክንያት። እ.ኤ.አ. በ366 መፈልፈል የተጀመሩ ሲሆን 492ቱ የግድግዳ ሥዕል አላቸው። በ1900 ከአንዱ ዋሻ ግድግዳ ጀርባ ተደፍኖ የኖረ ጠባብ ክፍል ተገኘ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የወረቀት ጥቅሎች ታጭቀውበታል፣ በ868 በእንጨት ቅርጽ የታተመው የአልማዝ ሱትራ የተባለው የቡድሃ እምነት መጽሐፍ ጭምር። ብዙዎቹ ዛሬ ለንደንና ፓሪስ ናቸው (ያስቆጫል)።

ካሽጋር ደግሞ የገበያ ሰው ከተማ ነው፦ ከብት ተራው፣ ትኩስ ናን (ቂጣ መሳይ ዳቦ)፣ የ1442ቱ ኢድ ካህ መስጊድ። አሮጌው ሰፈር ግን እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ አብዛኛው ፈርሶ እንደ አዲስ ተሠርቷል።

ሞጋኦን ለማየት ቲኬት አስቀድሞ መያዝ ነው፤ ዋሻ ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው።