የሚያሳዩአችሁ ሌላ፣ የሚሰጧችሁ ሌላ፦ የፍሪሲዮን ገመድ ለምትገዙ

መርካቶ ወርዳችሁ የሞተር ብስክሌት መለዋወጫ የምትገዙ ሁሉ ይህን ሳታነቡ እንዳትሄዱ። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ አጻጻፌ ቢሻክር አትቀየሙኝ።

ሱቁን ታውቁታላችሁ። ከፊት የመስታወት ባንኮኒ፣ ከላይ የተንጠለጠሉ ሰንሰለቶችና ጎማዎች፣ ከኋላ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ደንበኛ የማያየው መጋዘን። «ኦርጅናሉን ነው ወይስ የቻይናውን?» ይሏችኋል። ኦርጅናሉን ስትሉ ዋጋው ይዘላል። «በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ይጨመራል» ይከተላል። ይህን ለእናንተ መዘርዘር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

የእኔዋ ቦክሰር 150 ናት፤ ዕቃ አደርስባታለሁ፤ እሷ ስትቆም ቤቴም ይቆማል። የፍሪሲዮን ገመዷ፣ ማለትም እጀታው ሲጨመቅ ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን የሚስበው ሽቦ፣ ከእጀታው ሥር ክር በክር መበጠስ ጀምሮ ነበር። በግራ እጅ የሚጨመቀው እጀታም በአንድ ወቅት ወድቃ ተጣሞ ስለነበር ሁለቱንም አንድ ላይ ልቀይር ብዬ አሮጌዎቹን አስፈትቼ ይዤ ሄድኩ። አሮጌውን ይዞ መሄድ ትክክል ነው፤ ማንም የሚመክረው ይህንኑ ነው። እነዚህ ሰዎች ታዲያ ወጥመዳቸውን የሠሩት አሮጌውን ይዞ ለሚመጣ ጠንቃቃ ሰው ነው።

ሻጩ ወጣት ነው፤ ትሕትናው ልብ ያርዳል። «ጋሼ፣ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር ሰጠኝ። ከባንኮኒው ሥር አንድ የተከፈተ ማሸጊያ አወጣና ገመዱን ከአሮጌው ጎን ዘረጋው። ሁለቱን ጫፎች በጣቶቹ ይዞ «ይዩት ጋሼ፣ ሚሊሜትር አይዛነፍም» አለኝ። እውነቱን ነበር። የውጭው ሽፋን ርዝመት፣ ከሽፋኑ ወጥቶ የሚታየው የሽቦው ርዝመት፣ የጫፎቹ ውፍረት፣ ሁሉም ልክ ነው። አንዱን ጫፍ አስይዞኝ ሽቦውን ሳበው፤ ድምፅ እንኳን ሳያሰማ ተንሸራተተ። እጀታውንም እንዲሁ አደረገ። አዲሱን ከአሮጌው ላይ ደርቦ በሁለቱም ቀዳዳ አንድ ብሎን አሳለፈና የገመዱ ጫፍ የሚቀመጥበት ቦታ መግጠሙን አሳየኝ። እንዲህ የሚያስረዳ ሻጭ አይቼ አላውቅም ነበር!

ለገመዱ 950፣ ለእጀታው 600 ብር ተስማማን። ገንዘቡን በስልኬ ላክሁ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ «ይህ እንኳን ለማሳያ የተከፈተ ነው ጋሼ፣ የብዙ ሰው እጅ ነክቶታል፤ ለእርስዎ ያልተነካውን ላምጣልዎት» ብሎ መጋረጃውን ገልጦ የገባው። ከውስጥ የፕላስቲክ መንኮሻኮሽ ሰማሁ። ሲወጣ ሁለት የታሸጉ ዕቃዎች ይዟል። የሚያብረቀርቅ ምልክት ተለጥፎባቸዋል፣ ቁጥር አላቸው፣ የህንድ ሩፒ ዋጋ ታትሞባቸዋል። ልከፍተው እጄን ስዘረጋ መዳፉን በላዩ ላይ አሳረፈና ፈገግ ብሎ «ከተከፈተ አይመለስም ጋሼ፤ እንደታሸገ ይውሰዱት፣ ቢያስቸግርዎት እቀይርልዎታለሁ» አለኝ። ያ መዳፍ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ትሕትናውም፣ ወንበሩም፣ ልኬቱም ለዚያች መዳፍ የተደገሰ ድግስ ነበር።

ጋራዥ ስንከፍተው ከሽፋኑ የሚወጣው ሽቦ ካሳየኝ በሁለት ጣት ያህል ይረዝማል። መካኒኩ ማስተካከያዎቹን ከላይም ከታችም እስከ መጨረሻው ጥርስ አወጣቸው፤ አሁንም ላልቷል። በእጀታው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር መላላት ጤነኛ ነው፤ ይህ ግን እጀታው ግማሽ መንገድ ሄዶ ገና መሳብ የሚጀምር ነው። እጀታው ደግሞ ገመዱ የሚታሰርበት ቦታ ለብሎኑ ቀዳዳ ቀርቧል። በዓይን የማይለይ ልዩነት ነው፤ ግን ርቀቱ ሲያንስ በአንድ ጭመቃ የሚሳበው ሽቦ ያንሳል፣ ፍሪሲዮኑም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ማርሽ በጩኸት ይገባል፣ ቆማችሁ ፎሌ (ማርሽ ያልገባበትን ቦታ) ብትፈልጉ አይገኝም። የቀን ሥራዬን እንዳላጣ፣ እስከ ማግስቱ ታግሼ ልንዳት ብዬ ወጣሁ።

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ መብራት ይዞኝ፣ በአንደኛ ማርሽ እጀታውን ጨምቄ ቆሜ ሳለሁ በድንገት በእጄ ውስጥ ቀለለኝ። የገመዱ ጫፍ እጀታው ውስጥ ቀርቶ ሽቦው ከጫፉ ተመዝዞ ወጣ። ቦክሰሯ ወደፊት ዘለለች፤ ፍሬኑን ብይዝም የፊት ጎማዋ የታክሲ መከላከያ ነክቶ ሞተሯ ጠፋ። ከፊቴ የነበረው ሚኒባስ ሳይሆን እግረኛ ቢሆንስ? መካኒኩ በኋላ ገመዱን ቆርጦ አሳየኝ። ደህናው ገመድ የሽቦው ጫፍ ተበትኖ በቀለጠ ብረት ይያዛል፤ ይህ በመቀጥቀጥ ብቻ የተያዘ ነው። በሽፋኑ ውስጥ መኖር የነበረበት የፕላስቲክ ቱቦም የለም፤ ብረት በብረት ይፋጫል። የሚያብረቀርቀው ምልክት በጥፍር ሲፈቀፈቅ ሳይቀደድ ሙሉውን ተላጠ።

ተመልሼ ሄድኩ። ስገባ ያ ወጣት የእኔኑ ገመድ፣ ማለትም ያንኑ የማሳያ ገመድ፣ አሮጌ ለያዘ ሌላ ሰው ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ «ሚሊሜትር አይዛነፍም» እያለ ነበር። የተበጠሰውን አስቀመጥኩለት። ቀና ብሎም አላየኝም። «ሰውዬ፣ ይህ ከእኛ ቤት የወጣ አይደለም። ደረሰኝህ የት አለ?» የላክሁለትን ገንዘብ ከስልኬ አሳየሁት፤ «እሱ የግለሰብ ሒሳብ ነው፣ ሱቁን አይመለከትም» አለኝ። ከኋላ ብር የሚቆጥረው ባለቤት «ፍሪሲዮን መያዝ የማያውቅ ሁሉ ገመድ በጠሰ ብሎ ይመጣል» አለና ሁለቱም ሳቁ። እንደነሱ ከሆነ በዚህ ዕድሜዬ መንዳት አልችልም ማለት ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበት ዕቃ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት እንደሚሰጠኝ ስነግራቸው፣ ልጁ «እንግዲያው አዋጁ ይቀይርልህ» አለኝ። ገዢው ግን ገመዱን ትቶ ወጣ። ቢያንስ እሱ ተርፏል።

ለማንኛውም፣ የለካችሁትን ራሱን ውሰዱ፤ የብዙ እጅ ቢነካውም ግድ የለም። መጋረጃ ገብቶ የወጣ ዕቃ ባንኮኒው ላይ ሳይከፈትና ሳይለካ ብር አትክፈሉ። ደረሰኙን ከነ15 በመቶው ተቀበሉ። አሮጌው ገመድ ፈጽሞ ካልተበጠሰ አትጣሉት፤ አዲሱ እስኪታመን ከመቀመጫው ሥር ይቀመጥ።