ናይትሮጅን፦ በሲሊንደር መግዛት ወይስ እዛው ማምረት?

ጎንደር ላይ ከኑግ ፋጉሎ በሄክሴን (ዘይቱን አሟሙቶ ሚያወጣ ፈሳሽ) ዘይት ለማውጣት ያሰባችሁ ካላችሁ የናይትሮጅኑን ነገር ቀድማችሁ ጨርሱ። ሄክሴን ከዜሮ በታች 22 ዲግሪ ላይ እንኳ ሚቀጣጠል ትነት አለው፣ አየር ውስጥ ደሞ 21 ፐርሰንት ኦክስጅን አለ፣ ታንኩን ናይትሮጅን ሞልታችሁ ኦክስጅኑን ከ12 በታች ካወረዳችሁት ብልጭታ ቢመጣም አይፈነዳም (ለጥንቃቄ ከዛም ዝቅ ይደረጋል)።

ሲሊንደር ለመጀመር ይረክሳል፣ መብራት ቢጠፋም ይሰራል። ግን ባለ 50 ሊትሩ በ200 ባር ተሞልቶም ሚሰጣችሁ ወደ 10 ሜትር ኪዩብ ጋዝ ነው፣ እሱ ለትልቅ ታንክ ምንም አይደለም፣ ከአዲስ አበባ ሚመጣ ከሆነማ መንገድ የተዘጋ ቀን ስራ ቆመ ማለት ነው።

ማምረቻው ማሽን የተጨመቀ አየር በካርቦን ውስጥ ያሳልፋል፣ ኦክስጅኑ እዛ ይያዝና ናይትሮጅኑ ያልፋል። ለዚህ ስራ 98፣ 99 ፐርሰንት ንፅህና ይበቃል፣ አራት ዘጠኝ ያለው (99.99 ፐርሰንት) ካልሆነ ሚላችሁን ሻጭ አትስሙት። ጎንደር ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፣ ለባህር ጠለል የተፃፈውን የኮምፕረሰር አቅም እዚህ አታገኙትም፣ ከፍ ያለ ግዙ።

እኔ ብሆን ማሽኑን ገዝቼ ለመብራት መጥፋት ጥቂት ሲሊንደር አስቀምጣለሁ። በሁለቱም ግን ናይትሮጅን ሽታ የለውም፣ ኦክስጅን አሳጥቶ ሰው ቢያፍንም አይታወቅም፣ ኦክስጅኑ ሳይለካ ማንም ታንክ ውስጥ አይግባ።