ቬጋስ ያላችሁ፣ ፑላችሁ ውሃ እየጨረሰ ካስቸገራችሁ ይህን ሰው ጥሩት

መጻፍ አልወድም። ግን እማዬ "ያንን ልጅ ለሰው ንገሪለት" እያለች መቀመጫ ነሳችኝ።

ቤታችን በ1970ዎቹ የተሠራ ነው። ፑሉም እኩያው ነው። እኔ ዋና አልችልም፤ ከቤቱ ጋር የመጣ ነው፣ ልጆቹ ይንቦጫረቁበታል። ዘንድሮ ግን ውሃው በቀን ሁለት ጣት መጉደል ጀመረ። ሙቀቱ ነው ብለን ተውነው፣ ቬጋስ ነዋ! ሌሊት ከሥራ ስገባ ጎማውን ከፍቼ እሞላለሁ፣ በማግስቱ ያው ነው። የውሃ ቢሉ ሦስት እጥፍ ሆኖ መጣ።

እማዬ ደግሞ በልጅነቷ ከወንዝ በእንስራ ውሃ የቀዳች ሴት ናት። ሌክ ሚድ ሐይቅ ወስደናት፣ ውሃው ሲሸሽ ዓለቱ ላይ የቀረውን ነጭ ቀለበት ካየች ወዲህ ብሶባታል። "የምንጠጣው ከዚህ ነው?" አለችኝ። አዎ ስላት፣ "ታዲያ አንቺ መሬት ታጠጫለሽ?"

የመጡትን ባለሙያዎች ስም አልጠራም። የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ዞር ዞር ብሎ "ቧንቧው በሙሉ አርጅቷል፣ ሲሚንቶው ሁሉ ተሰብሮ ይቀየር" አለ። 14 ሺህ ዶላር! ለዚያች ዙረት ብቻ 150 ተቀበለኝ። ሁለተኛው "የሚያፈስ ነገር የለም፣ ፀሐይ ነው" ብሎ ሄደ። ሦስተኛው የሆነ ፈሳሽ ጨምሮ በሳምንቱ ይደፈናል አለኝ። አልተደፈነም። ስደውል አያነሳም። በባሌ ስልክ ስደውል አነሳና ድምፄን ሲሰማ ዘጋው። ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ያገኘሁት ገንዘብ ነው እኮ!

በመጨረሻ አንዲት እህት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የዚህን ወንድም ቁጥር ሰጠችኝ። ሐበሻ ነው፣ ድሮ ታክሲ ይነዳ ነበር። ገና ስደውልለት "ውሃው ይበልጥ የሚጎድለው የፑሉን ውሃ የሚያዞረው ሞተር ሲሠራ ነው ሲጠፋ?" አለኝ። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ የለም። እኔም አላውቅም።

"እህቴ፣ በከንቱ እንዳላስከፍልሽ መጀመሪያ ባልዲ ፈልጊ" አለ። ባልዲውን በፑሉ ውሃ ሞልቼ ደረጃው ላይ አስቀመጥኩ፤ የውስጡንም የውጪውንም ልክ በማርከር አሰመርኩ። ፀሐይ ከሆነ ሁለቱ እኩል ይጎድላሉ። አንድ ቀን ሞተሩ እየሠራ፣ አንድ ቀን ጠፍቶ። የባልዲው ምንም ያህል አልጎደለም፤ የፑሉ ግን፣ በተለይ ሞተሩ ሲሠራ፣ አይጣል ነው። ይህን ሁሉ በስልክ፣ አምስት ሳንቲም ሳይጠይቅ። "በቃ፣ ውሃውን ወደ ፑሉ የሚመልሰው መስመር ይመስለኛል፣ ነገ እመጣለሁ" አለኝ።

ፍልሰታ ነበር። ጎህ ሲቀድ መጣ። ቧንቧዎቹን ደፋፈነ፣ አየር ይሁን ምን ነፋባቸው፣ እኔ አልገባኝም። ከዚያ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ እንደ ሐኪም መሣሪያውን ሲሚንቶው ላይ እያስቀመጠ በጉልበቱ መሄድ ጀመረ። እማዬ ቀዝቃዛ ውሃ ይዛ ከኋላው። "ጾም ነኝ እማማ" አላት። በዚያ ሙቀት!

አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ቆየ። ከዚያ እኔን ሳይሆን እሷን ጠራት። "እማማ፣ ይምጡና ይስሙት።" ነጠላዋን ገለጥ አድርጎ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማች። "ውይ! ይንፈቀፈቃል እኮ፣ እንደ ጀበና!"

እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ቆፈረ። ከምጣድ የማትሰፋ ጉድጓድ። ማጠፊያው ላይ የተሰነጠቀውን ቧንቧ አውጥቶ አሳየንና በአዲስ ቀየረው። እንደገና ነፋና እማዬን እንደገና አሰማት። "አሁን ዝም አለ" አለች፣ እሷ ራሷ የጠገነችው ይመስል። 14 ሺህ የተባልኩበት ነገር በ850 ዶላር አለቀ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሽሮውን አቀረበችለት፣ ቡና አፈላችለት፣ ምርቃቱን አዥጎደጎደችው።

እባካችሁ ለዚህ ሰው ሥራ ስጡት። ማንም ሲሚንቶ ይሰበር ቢላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት እሱን ጥሩት። ቁጥሩን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ማታ ማታ ግን አትደውሉለት፣ ልጆቹን የሚያስተኛበት ሰዓት ነው።

እማዬ ባልዲውን እንዳታነሱብኝ ብላለች። ጠዋት ጠዋት ወጥታ ሁለቱን መስመሮች ታስተያያለች። ዛሬም "እኩል ናቸው" ብላ ገባች።