ለቦይለር ማገዶ የቱ መፍለጫ ያዋጣል? ፋስ፣ ቡርጉ ወይስ ሃይድሮሊክ

ሱሉልታ ያለው የልብስ ማጠቢያችን ቦይለር የሚነደው በባህር ዛፍ ነው። ግንዱን ገዝተን የምንፈልጠው ራሳችን ስለሆንን ስለ መፍለጫ ብዙዎች ይጠይቁኛል።

ወደ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት እንጨታችሁን ለኩ። ከጉቶ ያቆጠቆጠ ባህር ዛፍ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ስላለው ጎበዝ ፈላጭ በአንድ ምት ይከፍለዋል። ለዚያ ፋስ፣ ሽብልቅና መዶሻ ይበቃሉ፤ የፈላጩም እንጀራ አይቋረጥም። ማሽን የሚያስፈልገው ለአሮጌው ዛፍ ግንድ ነው። ጅማቱ ስለሚጠማዘዝ፣ በተለይ ከደረቀ፣ ፋሱን ነክሶ ያስቀረዋል።

በዋጋ ርካሹ ማሽን ብየዳ ቤት የሚሠራው፣ በዲናሞ የሚሽከረከረው ሾጣጣ ቡርጉ ነው። ፈጣን ነው፤ እኔ ግን አትግዙት እላለሁ። የጋቢ ጫፍ ወይም እጅጌ ከያዘ ሰውየውን ይዞ ይዞራል፤ ግንዲላውም ራሱ ሊዞርና ሊመታ ይችላል። ጠዋት በብርድ ጋቢ ለብሶ በሚሠራበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሃይድሮሊክ ግን ፓምፕ ወደ ሲሊንደር በሚልከው ዘይት ግፊት ግንዱንና ስለቱን ቀስ ብሎ ያጋፋል፤ እጀታውን ስትለቁት ይቆማል። ሁለቱንም እጅ የሚያሠራውን ምረጡ፤ አንድ እጅ ነፃ ከሆነ ግንዲላውን ለማቃናት ይገባል። በቤት መብራት፣ በ220 ቮልት የሚሠሩት ትንንሾቹ 2 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳሉ፤ ከ5 እስከ 7 ቶን ይገፋሉ፤ እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ግንድ ይሆናሉ። ጠላታቸው የወረደ ቮልቴጅ ነው። በቀጭንና ረጅም ገመድ ከሠራችሁባቸው ዲናሞው ይግላል፣ ቆይቶም ይቃጠላል። የቤንዚኑ መብራት አይጠብቅም፤ እርሻ ውስጥ ለሚፈልጥ እሱ ይሻላል። ነገር ግን በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው የፈረስ ጉልበት ከፍ ያለ ውሰዱ። ግቢያችሁ አስተማማኝ መብራት ካለው የኤሌክትሪኩ በወጪም በጥገናም ይቀላል። እኛም የያዝነው እሱን ነው።

ከዚያ በፊት ግን ተታልለናል። «20 ቶን» የሚል የተለጠፈበት ማሽን ገዝተን ወፍራሙ ግንድ ላይ ቆመ። በኋላ ሲሊንደሩን ስንለካ የውስጥ ስፋቱ 8 ሴንቲ ሜትር ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ 50 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ፓምፑ 200 ባር፣ ማለትም በካሬ ሴንቲ ሜትር 200 ኪሎ ያህል ግፊት ቢሰጥ የሚገኘው 10 ቶን ገደማ ነው። ስለዚህ ሻጩን ስለ ቶኑ ሳይሆን ስለ ሲሊንደሩ የውስጥ ስፋትና ስለ ፓምፑ ግፊት ጠይቁት። የዘይት ማኅተም ጎማውና ቱቦው መርካቶ የሚገኝ ልክ መሆኑንም አረጋግጡ፤ ልዩ ልክ ከሆነ በአንድ ጎማ ምክንያት ማሽኑ ለወራት ይቆማል።

ጊዜውም ዋጋ አለው። ክረምቱ እንዳለፈ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ እንጨቱን እርጥብ ሳለ ፍለጡት፤ ያኔ ትንሹም ማሽን ይበቃዋል። በጋውን ሙሉ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ደርድሩት። ግማሽ ክብደቱ ውሃ የሆነ እንጨት በኪሎ የሚሰጠው ሙቀት በደንብ ከደረቀው ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ ጭስ ማውጫውንም በጥቀርሻ ይደፍነዋል።

ሱቅ ስትሄዱ ከግቢያችሁ አንድ ወፍራም፣ ቅርንጫፍ የወጣበት ግንዲላ ጭናችሁ ሂዱ። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት እሱን ያስፈልጥላችሁ።