ቀዥቃዣ ልጅ ይዞ ለክትትል ቀጠሮ መሄድ፦ ስለ ህፃናት ክሊኒኩ ያለኝ አስተያየት

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻቸዋለሁ። አራቱን ያገኙት ምርመራ ክፍል ውስጥ ነው፣ አንዷን ያስቆረጣቸው መጠበቂያው ነው። ስም አልጠራም፣ ደግሞም አብዛኛው የምለው ነገር የትኛውም የህፃናት ክሊኒክ ላይ ይሰራል።

ልጁ ማን እንደሆነ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። አንድ አመት ሊሞላው ትንሽ ነው የቀረው፣ ይድሃል፣ ያገኘውን ተደግፎ ይቆማል፣ አንዴ የጨበጠውን ነገር ደግሞ ማስለቀቅ ፍርድ ቤት ያስኬዳል። የሳምባ ምች ታሞብኝ መድሃኒቱን ጨርሷል፣ ቀጠሮው በደንብ ተሽሎታል ወይ የሚለውን ለማየት ነው። በኔ በኩል መልሱ በር ላይ ታውቋል፣ ገና ስንገባ የጥበቃውን ኮፍያ ነጥቆ አፉ ውስጥ ከተተው፣ የታመመ ልጅ እንዲህ አይሰራም። ቢሆንም ይታይ ተብሏል፣ ይታያል።

መጠበቂያው ላይ ትንሽ ልናገር። ሪሴፕሽን ያለችው ልጅ ትሁት ናት ግን ፎርም ሙዪ ትላለች፣ አንዱ እጄ ልጁን ሌላው ቦርሳውን ይዟል እስክሪብቶውን በምን ልያዘው? ያውም የሚሞላው ያው ባለፈው የሞላሁት ስምና እድሜ ነው፣ ካርዱ እኮ ፊቷ ተቀምጧል። ከዚህ የባሰው የውሃ ማሽኑ ነው፣ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ነው ያስቀመጡት፣ ሙቅ ውሃ የሚወርድባት ቀይዋ ነገር ደግሞ ተደግፎ የቆመ ልጅ እጁ የሚደርስበት ላይ ናት። የህፃናት ክሊኒክ ነው እያልን! ነግሬያቸው "እሺ እናነሳዋለን" ብለዋል፣ ካላነሱት ኮከብ እቀንሳለሁ።

መጫወቻ ጥግም አላቸው፣ ሀሳቡ ጥሩ ሆኖ ውስጡ ያሉት ነገሮች ግን ለትልልቅ ልጆች ናቸው፣ ትንንሽ ብሎኬት ምናምን። የሶፍት ጥቅል መሃሉ ላይ ያለችውን የካርቶን ቱቦ ታውቋታላችሁ አይደል፣ በሷ ውስጥ ማለፍ የሚችል ነገር ሁሉ ለዚህ እድሜ ልጅ ሊያንቀው ይችላል፣ እኔ በዛ ነው የምለካው። እና የሚያስለው ልጅ፣ ለክትባት የመጣው፣ አራስ የያዘችው ሁላችንም አንድ ሳሎን ነን። የኩፍኝ ቫይረስ የታመመው ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳን እስከ 2 ሰአት አየር ላይ ሊቆይ ይችላል፣ ቢያንስ አራሶቹን ለብቻ ቢያስጠብቁ ምን ይላቸዋል።

ነርሷ ግን አንደኛ ናት። የኔው ጉድ ሚዛኑ ላይ አልቀመጥም ብሎ ገና ከማስጠጋታችን ተሙለጨለጨብን፣ እሷ ምንም ሳትጨነቅ የትልቅ ሰው ሚዛን ጎትታ "እናቱ፣ መጀመሪያ አንቺ ብቻሽን ውጪበት" አለችኝ፣ ሚዛኑን ዜሮ አደረገችውና "በይ ያዢው ማሙሽን" ብላ አቀበለችኝ፣ የሱ ኪሎ ብቻ ፏ ብሎ ወጣ። ልብሱንም ዳይፐሩንም አስወልቃ ነው የመዘነችው፣ ዳይፐሩ ሲወልቅ ምን እንዳደረገ አልናገርም፣ መሬቱን እሷው ናት የጠረገችው። ኪሎው በትክክል መታወቁ ዋጋ አለው ምክንያቱም አብዛኛው የህፃን መድሃኒት የሚታዘዘው በኪሎው ተሰልቶ ነው እንጂ በእድሜ ግምት አይደለም።

ቁመትም ላይ እንደዛው። 2 አመት እስኪሞላቸው ተኝተው ነው የሚለኩት፣ እኔ ጭንቅላቱን ከሰሌዳው ጋር አስጠግቼ ያዝኩ፣ እሷ ጉልበቱን ዘርግታ የእግሩን ሰሌዳ አስጠጋች፣ እሱ ደግሞ ጉልበቱን አጥፎ ይስቃል። በቃ ይሄ ይሆናል ብላ አልፃፈችም፣ እስኪዘረጋ ጠብቃ እንደገና ለካችው። ሌላ ቦታ በሜትር በግምት ለክተውት የእድገት ግራፉ ላይ ቁልቁል ወርዶ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር፣ ልጁ አላጠረም፣ አለካኩ ነው።

ወደ ዶክተሯ ልምጣ፣ አራት ኮከቡን ያስገኘችው እሷ ናት። ስንገባ ቶሎ አልነካችውም። ጭኔ ላይ እንደተቀመጠ፣ የክትባት ካርዱን እያኘከ፣ እሷ ከኔ ጋር እያወራች መስሎኝ ለካ ደረቱን እያየች ትንፋሹን እየቆጠረች ነው፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ። ካለቀሰ ቁጥሩ አይታመንም አለችኝ። ከ2 ወር እስከ 1 አመት ያለ ህፃን በደቂቃ 50 እና ከዛ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው የሚባለው፣ ከ1 አመት እስከ 5 አመት ደግሞ 40 እና ከዛ በላይ፣ የሱ በደንብ ዝቅ ብሏል። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ይገባ እንደሆነም አየች። ከዛ ማዳመጫውን መጀመሪያ ለሱ ሰጠችው፣ በላው፣ ጠረገችውና አዳመጠችው። ጆሮና ጉሮሮ የመጨረሻ ናቸው ምክንያቱም ጩኸቱ የሚመጣው እዛ ላይ ነው። ብዙ ሰው ጆሮውን በማየት ይጀምርና ልጁ አንዴ ከተናደደ በኋላ ሳምባ አዳምጣለሁ ብሎ ይታገላል። አያያዙንም አሳየችኝ፣ ጎኑን ደረቴ ላይ አስደግፌ በአንድ እጅ ጭንቅላቱን፣ በሌላው ሁለቱን እጆቹን፣ እግሮቹን በጉልበቶቼ መሃል። ጆሮውን ወደ ታችና ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ አየችለት፣ ጮኸ፣ አለቀ፣ መልሶ መነፅሯን ሊነጥቅ ተንጠራራ።

ራጅ ትደግማለች ብዬ ነበር፣ አልደገመችም፣ በደንብ የተሻለው ልጅ እንዲሁ ለማረጋገጥ ተብሎ ራጅ አያስፈልገውም አለች። ሳሉ ትንሽ ሳምንታት ሊቆይ እንደሚችልም ነገረችን፣ ትኩሳት ከመጣ ወይ አተነፋፈሱ ከፈጠነ ወይ መጥባት እምቢ ካለ ግን ቀጠሮ ሳንጠብቅ እንድንመጣ። ከዛ ግራፉን አዞረችልኝ፣ በሽታው ላይ ኪሎው ወርዶ ነበር አሁን ወደ መስመሩ ተመልሷል፣ አንዷ ነጥብ ሳትሆን የነጥቦቹ አካሄድ ነው የሚታየው አለችኝ። የማን ልጅ ተለክቶ ነው ይሄ መስመር የወጣው ብዬ ጠየኳት፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ ያወጣው ነው፣ ከብራዚል፣ ጋና፣ ህንድ፣ ኖርዌይ፣ ኦማንና አሜሪካ ልጆች ተለክተው። ጥያቄ ሲጠየቁ የማይቆጡ ዶክተሮች እግዜር ያብዛልን።

እንደኔ አይነት ልጅ ያላችሁ ቀጠሮ ስታስይዙ የመጀመሪያውን ሰአት ጠይቁ፣ ይሰጣሉ፣ ካልጠየቃችሁ ግን ልክ እንቅልፉ ሰአት ላይ ያደርጉላችሁና መከራ ነው። የማትወዱትን ወረቀት አንድ ሁለት ያዙ፣ የሚቀደድ ነገር ካገኘ ካርዱን ይተዋል። ጋሪ ይዛችሁ አትምጡ፣ በሩ ጠባብ ነው። ዳይፐር መቀየሪያው ያለው ደግሞ ሴቶች ሽንት ቤት ውስጥ ብቻ ስለሆነ ልጁን ይዞ የሚመጣው አባት ከሆነ ሪሴፕሽኗን ባዶ ክፍል ይጠይቃት፣ ባለቤቴ ጠይቋት ከፍታለታለች።