«የሚታጠፈውን መብራት በቋሚ እንቀይርላችሁ» ሲሏችሁ፣ እሺ ከማለታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ብቅ ጥልቅ የሚል የፊት መብራት ያለው የድሮ ስፖርት መኪና ላላችሁ ሁሉ፦ እኔ የገባሁበት ጣጣ ውስጥ እንዳትገቡ ነው ይህን የምጽፈው። መኪናዬ የ1992 ማዝዳ ሚያታ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። የገዛሁት ግማሹ ምክንያት እነዚያ መብራቶች ነበሩ፤ ማብሪያው ሲነካ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ዓይኑን ይገልጥ ነበር። ዛሬ መብራቶቹ የሉም፣ የተቀመጡበት ብረት ተቆርጧል፣ ማታ መንገዱ በወጉ አይታየኝም፣ ገንዘቤንም አላስመለስኩም።

የተጀመረው በትንሽ ብልሽት ነው። የግራው መብራት እኩሌታ ድረስ ይነሳና ይቆማል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። መፍትሔ ስፈልግ የድሮ መኪና ዕቃ ከሚሸጥና ከሚገጥም ሰው ጋር ተገናኘሁ። ኮፈኑን እንኳ ሳያስከፍተኝ «መብራቱን የሚያነሳው ሞተር አልቋል፤ አዲስ ደግሞ አይገኝም። ዛሬ ግራው ነው፣ ነገ ቀኙ ይከተላል። ቋሚ መብራት ግጠምና ተገላገል» አለኝ። ምንም አይቆረጥም፣ በነበረው ሶኬት ላይ ይሰካል፣ በአንድ ሰዓት ያልቃል፣ ለመንገድም የተፈቀደ ነው ተባልኩ። በዚያ ላይ «አሮጌውን እኛው እናስወግድልሃለን» ሲለኝ ደግነት መስሎኝ አመሰገንኩት።

ልገጥም የሄድኩ ዕለት አንዱ ሰዓት ሙሉ ቀን ሆነ። ከፋይበር የተሠራው ሽፋን ከፓራፋንጎው ጋር አልገጥም ሲል ጠርዙን ሞረዱት። የመብራቱ ማቀፊያ አልገባ ሲል ደግሞ ግራይንደር አምጥተው የመኪናውን የራሱን የብረት መያዣ ቆረጡ። እኔ ያየሁት ከተቆረጠ በኋላ ነው። ያን ጊዜ «አቁሙ» ማለት ነበረብኝ፤ ግን ቆርጠው ጨርሰዋል፣ መመለሻው አልታየኝም።

የመጀመሪያው ማታ ነው ሁሉ የታየኝ። አጭር መብራት ላይ ሆኜ ከፊት የሚመጣው ሁሉ ረጅም እያበራ ይቆጣኛል፤ እኔ ግን ከአፍንጫዬ ሥር ካለው አስፋልት በቀር የማየው የለም። ብርሃኑ ወደ ላይ ይበተናል እንጂ መንገዱ ላይ አይወድቅም። ላስተካክለው ብዬ ስፈልግ ማስተካከያ ብሎን የሚባል ነገር የለውም! ትክክለኛ መብራት ከፍና ዝቅ፣ ግራና ቀኝ የሚደረግበት ብሎን ሊኖረው ግድ ነው። ራሳችሁ ልትፈትሹት ትችላላችሁ። መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር አርቃችሁ አቁሙና አጭሩን አብሩ። ብርሃኑ ከላይ ጥርት ባለ መስመር መቆረጥ አለበት፤ የተለመደው የ1 በመቶ ዝቅታ ከሆነ መስመሩ ከመብራቱ መሃል ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ያርፋል። የእኔው ላይ መስመር የሚባል የለም፣ ደብዛዛ ነጭ ጉም ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ደግሞ መስታወቱ ውስጥ ውሃ ቋጠረ።

እዚህ ላይ ሻጮቹ የማይነግሯችሁን ነገር ልንገራችሁ። ይህ መብራት የሚታጠፈው ለጌጥ ብቻ አይደለም። የስፖርት መኪና አፍንጫ ንፋስ እንዲሰነጥቅ ዝቅ ብሎ ይሠራል፤ መብራት ግን ሩቅ እንዲያሳይ ከመሬት ከፍ ማለት አለበት። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ የአጭር መብራት የታችኛው ጠርዝ ከመሬት ቢያንስ 500 ሚሊ ሜትር መራቅ ይኖርበታል፤ በአሜሪካ ደንብ ደግሞ መሃሉ ቢያንስ 22 ኢንች፣ 56 ሴንቲ ሜትር ገደማ። አሜሪካ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ቅርጹ የተወሰነ ወጥ መብራት ስታስገድድ ስለነበር፣ ዲዛይነሮቹ ያን ትልቅ ክብ ወይም አራት ማዕዘን መብራት ቀን ቀን ደብቀው ማታ ማንሳትን መረጡ። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በ1936 የወጣው ኮርድ 810 የተባለ መኪና መብራቱ ከክሩስኮቱ ላይ በእጅ እየተዘወረ ነበር የሚወጣው። የስፖርት መኪኖቹ ሎተስ ኤስፕሪትና አምስተኛው ትውልድ ኮርቬት በ2004 እስኪያበቁ ድረስም ዘልቋል። እንግዲህ ማንሻውን አውጥታችሁ መብራቱን እታች ስትተክሉት፣ መሐንዲሶቹ የታገሉለትን ከፍታ ነው የምትጥሉት።

አንድ ወዳጄ ከእኔም የባሰ ነገር ተሽጦለታል። የእሱን መብራት ከኮፈኑ አጠገብ አንስተው ፓራውልቱ ላይ ባለው የአየር ማስገቢያ አፍ ውስጥ አዛወሩለት። ቀን ሲታይ ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ከመሬት ሲለካ 500 ሚሊ ሜትር አይሞላም፣ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውንም አየር ዘግቶታል፤ ዳገት ላይ የሞተሩ ሙቀት ከፍ ይላል። ለቴክኒክ ምርመራ ሲወስደው ገና ከሩቅ አይተው መለሱት።

የእኔም ምርመራ ላይ ወደቀ። መርማሪው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የማረጋገጫ ምልክቱ የታል?» በተባበሩት መንግሥታት ደንብ የጸደቀ መብራት መስታወቱ ላይ በክብ ውስጥ የላቲን «ኢ» ፊደልና የአጽዳቂውን አገር የሚያመለክት ቁጥር አለው፤ ለአሜሪካ የተሠራው ደግሞ «ዲኦቲ» የሚል ጽሑፍ። የእኔው ላይ ሁለቱም የሉም። ካርቶኑን አገላብጬ ሳይ ከታች በደቃቅ ፊደል «ለመንገድ አገልግሎት አይውልም» ይላል። ወደ ሻጩ ስመለስ መልሱ አጭር ነበር፦ የተገጠመ ዕቃ አይመለስም።

ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ከወር በኋላ ሞተሮቼን ለሽያጭ ቀርበው አየኋቸው። በቀኙ ላይ እኔው በካቻቢቴ የጫርኩት ምልክት ስላለ አልተሳሳትኩም። «በደንብ የሚሠራ፣ እንደ ልብ የማይገኝ» ተብሎ ነው የተጻፈበት። አልቋል የተባልኩት ሞተር! ለካ ብልሽቱ የሞተሩ ሳይሆን የሶኬቱ ኖሯል፤ ሽቦውን ኋላ ያየልኝ ኤሌክትሪሺያን የሶኬቱ እግሮች አረንጓዴ ዝገት ለብሰው ነበር ያገኛቸው። ተጠርገው ቢሰኩ ያልቅ ነበር።

ስለዚህ መብራታችሁ አልነሳ ካለ መጀመሪያ ትንሹን ነገር አስፈትሹ፤ ፊውዝ፣ ሪሌይ (በትንሽ ኃይል ትልቁን መስመር የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ)፣ ሶኬት፣ ከአካሉ ጋር የሚታሰረው የኔጋቲቭ ሽቦ። ሚያታ ላይ እያንዳንዱ መብራት የራሱ ሞተር አለው፤ ሞተሩ ጫፍ ላይ ጎማ የለበሰ መዘወሪያ ስላለ ፊውዙን ነቅላችሁ በእጅ ማንሳት ትችላላችሁ። ቢያንስ ለዚያች ማታ በችኮላ እንዳትወስኑ ይረዳችኋል። ፖርሽ 944 ሁለቱንም በአንድ ሞተር ነው የሚያነሳው፣ የሚላላው ማገናኛው ሊሆን ይችላል። ከ1968 እስከ 1982 የተሠራው ኮርቬት በቫኪዩም፣ ማለትም በቱቦ በሚሳብ አየር ስለሚሠራ የሚያፈስ ቱቦ ፈልጉ። በአምስተኛው ትውልድ ኮርቬት የሚበላው የናይሎን ጥርስ ነው፤ በነሐስ የሚተካ አለ።

ችግራችሁ የብርሃን ማነስ ከሆነም መፍትሔው ሌላ ነው። በአሮጌ መኪና ኃይሉ በረጅም ሽቦና በደከመ ማብሪያ ሲያልፍ ይሟሽሻል፤ ከባትሪው በሪሌይ በኩል ቀጥታ መስመር ሲሰጠው የነበረው አምፖል ራሱ ይፈካል። ባለ 60/55 ዋት የኤች 4 አምፖል የሚገባበት የጸደቀ ክብ መብራትም በዚያው ቦታ፣ ምንም ሳይቆረጥ ይገባል። ኤልኢዲ አምፖል ብቻ ቀይራችሁ እንዳትገላገሉ ግን እለምናችኋለሁ፤ መስታወቱ የተቀመረው በድሮው አምፖል ውስጥ ለምትበራው ቀጭን ክር ስለሆነ ብርሃኑ ተበትኖ የሰው ዓይን ያሳውራል።

እኔ አሁን የተቆረጠውን የግራ መያዣ እያፈላለግሁ ነው፤ እስኪገኝ ማታ መንዳት ትቻለሁ። ዕቃውን ገዝታችሁ ገና ያልገጠማችሁት ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ካርቶኑን ክፈቱና መስታወቱ ላይ ምልክቱን፣ ጀርባው ላይ ማስተካከያ ብሎኑን ፈልጉ። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሳትገጥሙት መልሱት። አሮጌ ዕቃችሁንም፣ አልቋል ቢሏችሁ እንኳ፣ ቤታችሁ ይዛችሁ ግቡ።