ለላሚኔት ወለሌ የገዛሁት መርጫ ያለው መወልወያ፦ ከአሥራ አራት ወር በኋላ

ከሳሎናችን ወደ ማእድ ቤት በሚያስገባው በር አጠገብ በባዶ እግር ሲረገጡ የሚታወቁ ሦስት የላሚኔት ጣውላዎች አሉ። ጠርዛቸው አብጦ ተነሥቷል። ዓይን ብዙም አያያቸውም፤ እግር ግን አይስታቸውም። የተበላሹት በአንድ ሌሊት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ታሪኩን ሳልነግረው ያውቀዋል፦ ቧንቧው በደረቀበት ሰዓት ተከፍቶ ተረሳ፣ ውሃው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ፣ ጠዋት ስንነሣ በሩ ሥር ተኝቶ አገኘነው። እሱን አደጋ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። የሚቆረቁረኝ ሌላው ነው። በቀረው የሳሎኑ ወለል፣ በየመጋጠሚያው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ተነሥቷል። ይህን ያመጣሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ በየቅዳሜው፣ በባልዲና በጨርቅ፣ ቤቴን አጸዳሁ እያልኩ።

ወለሉን ያስነጠፍነው ከስድስት ዓመት በፊት ነው፦ ሳሎኑና ሁለቱ መኝታ ቤቶች፣ በጠቅላላው 41 ካሬ ሜትር፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር። ያነጠፈልን አናጺ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። እሽጎቹን ሁለት ቀን ቤት ውስጥ አሳድሮ ነው የከፈታቸው። በግድግዳው ዙሪያ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ትቶ በዞኮሎ ሸፈነው፤ ወለሉ በክረምት እንደሚሰፋ፣ በበጋ እንደሚሰበሰብ አስረዳኝ። ስለ አጸዳዱ ግን እኔም አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም። እኔ ያደግኩት የጣውላ ወለል ባለው ቤት ነው። እናቴ ውሃ አፍስሳ በብሩሽ ትፈትገው ነበር፤ ሲደርቅ ሰም ትቀባውና እስኪያብረቀርቅ ታሸው ነበር። እኔም ወለል የሚጸዳው እንደዚያ ነው ብዬ አመንኩ።

ላሚኔት ግን ጣውላ አይደለም። ላዩ የእንጨት መልክ የታተመበት ወረቀት ነው። ወረቀቱን ሜላሚን የተባለ ጠንካራ ሙጫ ይሸፍነዋል፤ በዚህ ሽፋን ውስጥ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ስለሚገባበት በቀላሉ አይጫጫርም። ከወረቀቱ በታች ያለው ዋናው አካል ተፈጭቶ በሙጫና በኃይለኛ ግፊት የተጠቀጠቀ የእንጨት ቃጫ ነው። ፐርስቶርፕ የተባለው የስዊድን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1977 ይህን ወለል ከፈለሰፈ በኋላ ለዓመታት ጣውላዎቹ እርስ በርስ የሚያያዙት በሙጫ ነበር። አሁን በየቤታችን ያለው፣ ጠቅ ብሎ የሚገጥመው ዓይነት የመጣው ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ነው። ለመንጠፍ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን በሁለት ጣውላዎች መካከል ሙጫ ከሌለ ውሃ መግቢያ አለው። ላዩ ውሃ አይጠጣም፣ ጎኑ ግን ይጠጣል። የተጠቀጠቀው ቃጫ አንዴ ውሃ ጠጥቶ ካበጠ ደግሞ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬአለሁ፤ ይህን ቀድሜ አለማሰቤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ባልዲው ላይ ፈሳሽ ሳሙና አደርግበታለሁ፤ አንዳንዴም በረኪና። ፈሳሽ ሳሙና በውሃ ካልተለቀለቀ በወለሉ ላይ ስስ ቅሪት ትቶ ይደርቃል። ቅሪቱ አቧራ ይይዛል፣ ወለሉም ይደበዝዛል። የደበዘዘውን ለማጥራት በሌላ ውሃ መለቅለቅ ያስፈልጋል፤ ውሃው ደግሞ በየመጋጠሚያው ይገባል። ወለሉ በደበዘዘ ቁጥር እኔ ሳሙናውንም ውሃውንም ጨመርኩ። አምስት ዓመት እንዲህ ሄደ።

መወልወያውን የገዛሁት መርካቶ፣ የጽዳት ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ነው። ዋጋው 1,850 ብር ነበር። ሳጥኑ ላይ ቻይና መሠራቱ ተጽፏል እንጂ የሚታወቅ የፋብሪካ ስም የለውም። ሻጩ ወጣት ልጅ ነው፤ «እናቴ፣ ይህ ለሴራሚክም ለፓርኬም ይሆናል» አለኝ። በከተማችን ላሚኔቱም እውነተኛው እንጨትም ፓርኬ ነው የሚባለው፤ ስለዚህ ዕቃ ስትገዙ የትኛውን ማለታችሁ እንደሆነ አስረግጣችሁ ተናገሩ። በዚያው ሱቅ ለእንጨት ፓርኬ የሚሆን ሰም ለላሚኔቴ ሊሰጠኝ ነበር። የላሚኔት ሽፋን ሰም አይመጠውም፤ ሰሙ ላዩ ላይ ቀርቶ ያንሸራትታል፣ የእግር ዱካም ይይዛል።

ዕቃው ቀለል ያለ ነው። ጭንቅላቱ ጠፍጣፋና አራት ማዕዘን ነው፤ 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ከሥሩ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይለጠፍበታል። በዘንጉ ላይ 400 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ይሰካል፤ እጀታው ላይ ያለውን መጫኛ ሲጫኑት ከፊት ለፊት ውሃ እንደ ጉም ይረጫል። ሳጥኑ ውስጥ ሦስት ጨርቆች አሉ።

የጨርቁን ነገር ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ገንዘቤ ያለው እዚያ ላይ ነው። ክሮቹ ፖሊስተርና ፖሊአማይድ ናቸው፤ ከሰው ፀጉር እጅግ የቀጠኑና የተሰነጠቁ ስለሆኑ አቧራውንም ቅባቱንም በስንጥቃቸው ይይዛሉ። የጥጥ ጨርቅ ቆሻሻውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይገፋዋል፤ ይህኛው ያነሣዋል። በመጀመሪያው ቀን የአምስት ዓመቱን የሳሙና ቅሪት ለማስለቀቅ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ጨምሬ፣ በትንሽ በትንሹ እየረጨሁ ሳሎኑን ብቻ ወለወልኩ። ጨርቅ አራት ጊዜ ቀየርኩ። የወጣው እጣቢ እንደ አመድ ነበር። በማግስቱ ጠዋት የበረንዳው ብርሃን ሲገባ ወለሉ ስናስነጥፈው የነበረውን መልክ አገኘሁበት፤ እናቴ ጠርታኝ «ልጄ፣ አዲስ አስነጠፍሽ እንዴ?» አለችኝ። ኮምጣጤውን ግን ከዚያ በኋላ አልደገምኩትም፤ አሲድ በየሳምንቱ የሚቀባ ነገር አይደለም።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በደንብ ይጠረጋል፤ ይህ ሊታለፍ አይገባም። በዙሪያችን ሕንፃ ሲሠራ የሚውል ስለሆነ ጫማ የሚያስገባው አሸዋ ነው፤ አሸዋ በጨርቅ ሥር ከገባ የሜላሚኑን ሽፋን ይፍቀዋል። ቀጥሎ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሁለት ጊዜ ረጭቼ በጣውላው ርዝመት አቅጣጫ አሻለሁ። ኋላዬን ዞሬ ስመለከት የረጨሁት ቦታ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መድረቅ አለበት፤ ካልደረቀ ውሃ አብዝቻለሁ ማለት ነው። ለ41ዱም ካሬ ሜትር አንድ ጠርሙስ ሳይሞላ ይበቃኛል። ቀድሞ ለሳሎኑ ብቻ አሥር ሊትር ባልዲ ሁለት ጊዜ እሞላ ነበር።

ጠርሙሱ ውስጥ የማደርገው ተራ ውሃ ነው። የእኛ ሰፈር ውሃ ከጉድጓድ የሚመጣ ሆኖ ውሃ ማፍያው ላይ ነጭ ቅርፊት ይጥላል፤ በወለሉ ላይም ሲደርቅ ነጠብጣብ ይተዋል። ስለዚህ ውሃውን አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ ሲጠል ከላይ ያለውን ብቻ እቀዳለሁ፤ ሲፈላ የካልሲየሙ ከፊል ወደ ድንጋይነት ተለውጦ ከታች ይቀራል። የቅባት ጠብታ ሲኖር ብቻ አንዲት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና በእርጥብ ጨርቅ ላይ አድርጌ ያንን ቦታ ለይቼ አጸዳለሁ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ እከተላለሁ። ለብዕር ቀለምና ለጥፍር ቀለም አሴቶን በጥጥ ነክሬ ተጠቅሜአለሁ፤ ሽፋኑ ምንም አልሆነም። የጥምቀት ዕለት የፈሰሰውን የጧፍ ሰም በረዶ አስቀምጬበት ሲጠነክር በፕላስቲክ ማንኪያ ጠርዝ አነሣሁት።

ጨርቆቹን በላስቲክ ሳፋ ለብቻቸው ነው የማጥበው። ከፎጣ ጋር ከታጠቡ የጥጡን ብናኝ ይለቅማሉ። የልብስ ማለስለሻ ደግሞ ክሩን ሸፍኖ ስንጥቁን ይደፍነዋል፤ የእህቴ ልጅ ሳታውቅ አንዱን በማለስለሻ ዘፍዝፋው ከዚያ በኋላ ውሃ መምጠጥ አቆመ። ሁለቱ ከአሥራ አራት ወር በኋላም ደህና ናቸው።

ይህችው የእህቴ ልጅ በእንፋሎት የሚያጸዳ መሣሪያ ጓደኛዋ ቤት አይታ፣ «አክስቴ፣ ጀርም ይገድላል እኮ፣ ለምን አንገዛም?» ብላኝ ነበር። ለሴራሚክ ይሁን። ለላሚኔት ግን እንፋሎት ከውሃም የባሰ ነው፤ ትኩስና በግፊት የሚወጣ ስለሆነ መጋጠሚያው ውስጥ ጠልቆ ይገባል። በባልዲ ውስጥ እየተሽከረከረ የሚጨመቀውንም ባለ ክር መወልወያ ጎረቤቴ አውሳኝ ሞክሬዋለሁ። የቱንም ያህል ቢሽከረከር ወለሉ ላይ የሚተወው እርጥበት ለእኔ ወለል ብዙ ነው።

ከሁሉ ያስቸገረኝ የቡናው ነገር ነበር። እናቴ እሑድ እሑድ ቡና ታፈላለች፤ ያለ ቄጤማ አታፈላም። ቄጤማ ከገበያ ሲመጣ እርጥብ ነው። ወለሉ ላይ ተነስንሶ ሲያድር ከሥሩ ውሃ ይተዋል፣ ሲታሽም አረንጓዴ ያስለቅቃል። ፋሲካን አስታክኮ ሦስት ቀን ሙሉ ተነስንሶ የቆየ ጊዜ፣ ረከቦቱ ከሚቀመጥበት ፊት ለፊት አንድ መጋጠሚያ አበጠ። ለእናቴ ስነግራት ከፋት። «ቄጤማ መሬት ካልነካ ምኑን ቡና ሆነ?» አለች። እውነቷን ነው፤ ያንን ሽታና ያንን ልምላሜ ከሰማንያ አራት ዓመት ሴት ላይ ለወለል ብዬ አልነጥቅም። በመጨረሻ የተስማማነው ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ የላስቲክ ምንጣፍ አንጥፈን ቄጤማውን በእሱ ላይ ለመነስነስና ማታውኑ ለማንሣት ነው። የከሰል ምድጃው ሥርም ሰፊ የብረት ትሪ አለ፤ ትሪው የመጣው አንድ ፍም ወድቆ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ጥቁር ነጥብ ከተወ በኋላ ነው። ያንን ነጥብ ምንም መወልወያ አያስለቅቀውም፤ የተቃጠለው ሽፋኑና ሥዕሉ ነው። አናጺው የተረፉ አራት ጣውላዎች አልጋ ሥር እንዳስቀምጥ መክሮኝ ነበር፤ አንድ ቀን ያንን ክፍል ፈትቶ ይቀይርልኛል።

አሁን ወደ መወልወያው ጉድለት። ጠርሙሱ በአምስተኛው ወር ከክዳኑ በኩል ማንጠብጠብ ጀመረ። ይህ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም፤ ከበር ጀርባ አቁሜው አድሬ ጠዋት ከሥሩ የእጅ መዳፍ የሚያህል ውሃ ተጠራቅሞ አገኘሁ። ወለልን ከውሃ ለመጠበቅ የተሠራ ዕቃ ራሱ ውሃ ሲያቆርበት አዘንኩ፣ ተናደድኩም። ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱን ነቅዬ በ120 ብር የገዛሁትን የእጅ መርጫ እጠቀማለሁ፤ በአንድ እጄ እረጫለሁ፣ በሌላው አሻለሁ። ዘንጉም ከሦስት ቁራጭ የተገጣጠመ ስለሆነ መካከለኛው መጋጠሚያ ላልቶ በፕላስተር አስሬዋለሁ። ጭንቅላቱ ግን እስከ ዛሬ እንከን የለውም። ዝቅ ብሎ ከሶፋ ሥር እስከ ግድግዳው ይደርሳል፤ ጉልበቴን የሚያመኝ ሰው በመሆኔ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ጨርቁን የሚይዘው ተለጣፊም ጥንካሬው አልቀነሰም።

እንግዲህ ለጭንቅላቱና ለጨርቁ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ፤ ለዘንጉ ግማሽ፣ ለጠርሙሱ ምንም። ጠርሙስ የሌለው፣ ጠፍጣፋ ጭንቅላትና ማይክሮፋይበር ጨርቅ ብቻ ያለው ካገኛችሁ እሱን ግዙ፤ ከእጅ መርጫ ጋር ተደምሮም ሊረክስ ይችላል። ወለል ገና የምታስነጥፉ ከሆናችሁ ደግሞ እሽጉ ላይ ኤሲ3 ወይም ኤሲ4 የሚል ምልክት ፈልጉ፤ መፈተግን የመቋቋም ደረጃው ነው፣ ኤሲ3 ለመኖሪያ ቤት ይበቃል። ስለ ውሃ ግን ያ ቁጥር ምንም አይናገርም።

ባለፈው ወር ባሕር ዳር ለምትኖረው እህቴ ሌላ ለመግዛት ወደዚያው ሱቅ ተመለስኩ። ዋጋው 2,100 ብር ገብቷል፤ ጨርቅ ለብቻው 250 ብር ነው። ስለ ማንጠብጠቡ ስነግረው ልጁ አልተከራከረኝም። ውሃ አምጥቶ የሦስት ሳጥን ጠርሙሶችን ሞልቶ፣ ዘቅዝቀን በካርቶን ላይ አቆምናቸው፤ እኔ ሻይ ጠጥቼ እስክመለስ ሁለቱ ካርቶኑን አርጥበውት ነበር። ሦስተኛውን ገዛሁ።